በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ማውስ፦ ለሁለት ተጫዋች እንዴት ይለያያሉ?

ሁለት ጠቋሚ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእህቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ የስትራቴጂ ጨዋታ በአንድ ኮምፒውተር መጫወት እንፈልጋለን። ጨዋታው ሁለት ሰዎችን በኔትወርክ ያገናኛል፤ ስክሪኑን ለሁለት የመክፈል ምርጫ ግን የለውም። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 ነው። ሁለተኛ ማውስ ስሰካ ወዲያው ሠራ፤ ችግሩ ሁለቱም ማውሶች የሚያንቀሳቅሱት ያንኑ አንድ ጠቋሚ መሆኑ ነው። እሷ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ስንጎትት ጠቋሚው መሀል ላይ ይንቀጠቀጣል። በማውስ ቅንብሮች ውስጥ ብፈልግም ሁለተኛ ጠቋሚ የሚል ነገር አላገኘሁም።

የጎደለኝ ድራይቨር (መሣሪያውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አለ? ወይስ ነገሩ ከነጭራሹ አይቻልም? ይህን ጫን ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆን መረዳት እፈልጋለሁ።

ንቁ ጣት

ምንም ድራይቨር አልጎደለህም። ዊንዶውስ ጠቋሚው አንድ ነው፤ አሥር ማውስ ብትሰካም አንድ ነው። በማውስ ከመድከም ለአንዳችሁ ጆይስቲክ ግዙና ተገላገሉ። ጆይስቲክ ለሁለት ሰው ጨዋታ ይመቻል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፣ ጨዋታዎችም ያውቁታል።

ጽጌ ኮድ

ምክንያቱን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ጨዋታ እንደሚሆን ራሱ ይደርስበታልና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ማውስ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ አያውቅም። ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ካለፈው መልእክቱ ወዲህ ምን ያህል ወደ ጎን፣ ምን ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደሄደና የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ብቻ ነው። ተራ የዩኤስቢ ማውስ ይህን በሰከንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊሰከንዱ ይልካል፤ ለጨዋታ የሚሠሩት ብዙዎቹ 1000 ጊዜ ይልካሉ። ዊንዶውስ ከየማውሱ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ሁሉ ተቀብሎ በአንድ ጠቋሚ ላይ ይደምረዋል። የእህትህ ግራና የአንተ ቀኝ ሲደመሩ ዜሮ ይጠጋሉ፤ መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው።

ዋናው ነጥብ ግን እዚህ ላይ ነው፦ መልእክቱ ከየትኛው ማውስ እንደመጣ ዊንዶውስ ያውቃል። ከዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ፣ ራው ኢንፑት የሚባል መንገድ አለ። አንድ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ሲመዘገብ እያንዳንዱ የማውስ መልእክት ከላኪው መሣሪያ መለያ ጋር ይደርሰዋል። ስለዚህ ሁለቱን ማውሶች መለየት ለዊንዶውስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጠያቂ ማጣት ነው። አብዛኛው ጨዋታ ጠቋሚው የት እንዳለ ይጠይቃል እንጂ ማን እንዳንቀሳቀሰው አይጠይቅም። ራው ኢንፑትን የሚጠቀሙ ብዙ ጨዋታዎች እንኳ የመሣሪያውን መለያ ሳያዩ ያልፉታል፤ የሚፈልጉት የተጣራ እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ።

ከዚህ ተነስተህ ጨዋታህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቅ። ሁለት ማውስ እንዲለይ ሆኖ የተጻፈ ጨዋታ ከሆነ ምንም ሳትጨምር ይሠራል፤ በቁጥር ግን ጥቂት ናቸው። ያንተ ዓይነቱ፣ ማለትም በኔትወርክ የሚያገናኝ ነገር ግን አንድ ማውስ ብቻ የሚያውቅ ጨዋታ ከሆነ፣ መፍትሔው ጨዋታውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ ከፍቶ አንዱን ማውስ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው መስጠት ነው።

እዚህ ጋር ሁለተኛ እንቅፋት ይመጣል። ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ኪቦርድና ማውስ የሚሰጠው ከፊት ላለው መስኮት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ የከፈትከው ጨዋታ አንዱ ሲሠራ ሌላው ከኋላ መሆኑን አውቆ ይቆማል ወይም ትእዛዝ መቀበል ይተዋል። ኒውክሊየስ ኮ-ኦፕ እና ዩኒቨርሳል ስፕሊት ስክሪን የሚባሉት ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ይህን የሚፈቱት ወደ ጨዋታው ውስጥ ገብተው ነው። ጨዋታው ከፊት ያለው መስኮት እኔ ነኝ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ አዎ ይሉታል። ጠቋሚው የት ነው ሲል የዊንዶውስን ሳይሆን ለዚያ ተጫዋች ብቻ የሚቆጥሩትን ቦታ ይነግሩታል። ጠቋሚውን መሀል ላይ ልቆልፈው ሲል ደግሞ እሺ ይሉትና እውነተኛውን ጠቋሚ አያስነኩትም። ኒውክሊየስ ለዚህ ሥራ የሚጠቀምበት ክፍል ፕሮቶ ኢንፑት ይባላል።

ማውስመክስ የሚባልም አለ። እሱ በዴስክቶፑ ላይ ለእያንዳንዱ ማውስ የየራሱን ጠቋሚ ያሳያል፤ ሁለት ሰው አንድ ሰነድ ወይም ሥዕል ላይ አብሮ ለመሥራት ጥሩ ነው። ሙሉ ስክሪን ለሚይዝና ጠቋሚውን ለሚቆልፍ ጨዋታ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም።

ላንተ የምመክረው ኒውክሊየስን ነው።

ንቁ ጣት

ጽጌ፣ ማብራሪያሽ ግሩም ነው። ግን ይህ ሁሉ ወደ ጨዋታ ውስጥ መግባትና ማስመሰል ከሚሆን፣ ሁለተኛውን ማውስ በሶፍትዌር ወደ ጆይስቲክ መቀየር አይቀልም? ምናባዊ ጆይስቲክ የሚፈጥሩ ፕሮግራሞች አሉ። ጨዋታው ሁለተኛ ተጫዋች በጆይስቲክ የሚቀበል ከሆነ ማውሱን እንደ ጆይስቲክ ያየዋል፤ አለቀ።

ጽጌ ኮድ

ይሠራል፤ ደስ ግን አይልም። ማውስ ርቀት ነው የሚነግረው፤ የጆይስቲክ ዘንግ ግን ፍጥነት ነው የሚናገረው። ዘንጉን ገፍተህ ከያዝከው እይታው መዞሩን ይቀጥላል። ማውሱን ገፍተህ ካቆምክ መዞሩ መቆም አለበት። ርቀትን ወደ ፍጥነት የሚቀይረው ፕሮግራም ማውሱ ሲቆም ዘንጉን ወደ መሀል መቼ እንደሚመልሰው ይገምታል፤ ፈጥኖ ከመለሰው እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፣ ዘግይቶ ከመለሰው ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ጨዋታዎች የጆይስቲክን ትንንሽ እንቅስቃሴ ሆን ብለው ችላ ይላሉ፤ ዘንጉ ከመሀል ትንሽ ቢዛነፍ ገጸ ባሕሪው በራሱ እንዳይሄድ። ማውስ የሚወደደው ደግሞ በእነዚያ ትንንሽ እንቅስቃሴዎች ነው። ለመኪና ውድድር ይሁን ብዬ ልቀበለው እችላለሁ፤ ለስትራቴጂ ጨዋታ ግን በፍጹም አልመክረውም።

ሁለት ጠቋሚ

ንቁ ጣት፣ ለሐሳብህ አመሰግናለሁ፤ ጆይስቲክ የማንፈልግበት ምክንያት አለን። እህቴ ግራ እጇ አይታዘዝላትም። ጆይስቲክ በሁለት እጅ ካልተያዘ አይሆንም፤ ማውስ ግን በአንድ እጅ ሙሉ በሙሉ ትቆጣጠራለች፤ እንዲያውም ከእኔ ትፈጥናለች። የስትራቴጂ ጨዋታ የመረጥነውም ሁሉንም ነገር በማውስ ማዘዝ ስለሚቻል ነው። ስለዚህ ለእኛ ማውስ ቅንጦት አይደለም።

ንቁ ጣት

ይህን አላወቅሁም ነበር ወንድሜ፤ እንግዲያው ማውስ ነው። እንዲህ ከሆነ የጎን ቁልፎች ያሉት ማውስ ፈልግላት። በኪቦርድ የሚታዘዙትን ሁለት ሦስት ትእዛዞች ወደ ጎን ቁልፎቹ ማዛወር ይቻላል፤ ያኔ እጇን ከማውሱ ማንሳት አያስፈልጋትም። ትእዛዞቹን በማውሱ ውስጥ ባለው ማኅደረ ትውስታ ማስቀመጥ የሚችል ቢሆን ይመረጣል፤ ከበስተጀርባ የሚሠራ የማውስ ሶፍትዌር ሁለት ጨዋታ ሲከፈት የትኛው ላይ እንዳለ ግራ ሊገባው ይችላል።

ጋሼ ዲስኬት

ልጆቼ፣ ሁለት ማውስ ለእናንተ አዲስ ነገር መስሎ ስለታየኝ ትንሽ ልበል። አሚጋ የሚባለውን ኮምፒውተር የምታውቁት ካላችሁ፣ ከጎኑ ወይም ከጀርባው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መሰኪያዎች ነበሩት። በሁለቱም ላይ ማውስ መሰካት ይቻል ነበር፤ በማሽኑ ውስጥም ለእያንዳንዱ መሰኪያ የየራሱ ቆጣሪ ነበረው። ጨዋታ ጸሐፊው ስርዓተ ክወናውን ሳይጠይቅ ሁለቱን ቆጣሪዎች በቀጥታ ያነብባል። ለዚህ ነው ሌሚንግስ የሚባለው ጨዋታ በ1991 ሲወጣ በአሚጋ ላይ ሁለት ሰው በሁለት ማውስ የሚጫወትበት ክፍል የነበረው። ዘ ሴትለርስም በ1993 ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ጠቋሚ ይሰጥ ነበር፤ በ1996 የወጣው ሁለተኛው ክፍልም በግል ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ ቀጠለ። በዚያን ዘመን በግል ኮምፒውተር ላይ አንዱ ማውስ በፒኤስ 2፣ ሌላው በሲሪያል መሰኪያ ይገባ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። እነዚህ ጨዋታዎች ዛሬም ይሠራሉ። ዶስቦክስ ስቴጂንግ የሚባለው፣ በዶስ (በድሮው የግል ኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) የተሠሩ ጨዋታዎችን የሚያስነሣ ፕሮግራም ሁለት የዩኤስቢ ማውሶችን ለይቶ አንዱን እንደ ዋናው የዶስ ማውስ፣ ሌላውን በሲሪያል እንደተሰካ አድርጎ ለድሮው ጨዋታ ያቀርብለታል። ማውስ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ አለው፤ ስትጠቀሙበት የየትኛው ተጫዋች ማውስ የትኛው እንደሆነ ራሱ ይጠይቃችኋል፤ እናንተ በየማውሳችሁ ትጫናላችሁ። ስትራቴጂ ከወደዳችሁ፣ ሁለተኛው ሴትለርስ ለሁለት ሰው ከተሠሩት ሁሉ እጅግ የምወደው ነው። አይቸኩልም፤ እየተጨዋወታችሁ መንገድ ትዘረጋላችሁ፣ እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ተባብራችሁም ሆነ ተፎካክራችሁ መጫወት ትችላላችሁ።

ሜይም የሚባለውም የድሮ የሳንቲም ማሽን ጨዋታዎችን የሚያስነሣ ፕሮግራም አለ። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ማውስን የሚፈቅደውንና ብዙ ማውስን ለየብቻ የሚያነብበውን ምርጫ ከከፈታችሁ፣ በ1984 አታሪ ያወጣውን ማርብል ማድነስን በሁለት ማውስ መጫወት ትችላላችሁ። ያ ጨዋታ በሚሽከረከር ኳስ የሚነዳ ነበር፤ ኳሷ የምትልከው እንደ ማውስ ርቀትን ስለሆነ ማውስ በትክክል ይተካታል። ጽጌ ከላይ ያለችው እዚህም ይሠራል ማለት ነው።

ጽጌ ኮድ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። የአሚጋው ቆጣሪ ነገር ሁሉንም ግልጽ ያደርገዋል። ያኔ በጨዋታውና በማውሱ መሀል ማንም አልነበረም፤ አሁን መሀል ላይ ስርዓተ ክወናው አለ፣ እሱም ሁሉም ሰው አንድ ጠቋሚ እንደሚፈልግ አስቦ ይሠራል። አንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር የሚለው ሐሳብ ውስጡ ገብቷል። እውነቱን ለመናገር ይህ ያሳዝነኛል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስክሪን ፊት መቀመጥ የተለመደ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ጨዋታ ሠሪዎች ጥቂት መስመር ኮድ ጨምረው የመሣሪያውን መለያ ቢያነብቡ ይህ ሁሉ ማስመሰል ባላስፈለገ ነበር። የሚጽፉ ካሉ ማኒማውስ የምትባል፣ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት (ፕሮግራም ጸሐፊ የሚጠቀምባት ዝግጁ ኮድ) አለች፤ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ እያንዳንዱን ማውስ በቁጥር ለይታ ታቀብላለች።

የፔንግዊን ወዳጅ

ሊኑክስ የሚባለውን ስርዓተ ክወና ማንም በቅጡ ሳያነሣው ልናልፍ ነው? በሊኑክስ ላይ ሁለት ጠቋሚ ማውጣት ከስርዓቱ ጋር የመጣ ነገር ነው። ኤክስ ሰርቨር (በሊኑክስ ላይ መስኮቶችንና ጠቋሚን የሚያሳየው ፕሮግራም) 1.7 በ2009 ሲወጣ ባለብዙ ጠቋሚው ኤክስ ተካትቶበታል። ኤክስኢንፑት በተባለው ትእዛዝ መጀመሪያ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ታያለህ፤ ከዚያ አዲስ ዋና ጠቋሚ ፍጠር ትለዋለህ፤ ሁለተኛውን ማውስ ከአሮጌው ነጥለህ ከአዲሱ ጋር ታያይዘዋለህ። ወዲያው ሁለተኛ ቀስት ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ዋናው ጠቋሚ ሲፈጠር የራሱ ዋና ኪቦርድም አብሮ ይፈጠራል፤ ሁለተኛ ኪቦርድ ብታያይዝለት ያ ሰው በሌላ መስኮት ውስጥ ለብቻው መጻፍ ይችላል። ከፊት ያለ መስኮት አንድ ብቻ ነው የሚለው የዊንዶውስ ገደብ እዚህ የለም። ጨዋታውን በመስኮት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፍተህ፣ ይህ መስኮት የዚህኛው ጠቋሚ ነው ብለህ መወሰንም ትችላለህ።

ማወቅ ያለብህ አንድ ነገር፦ ይህ በኤክስ ላይ እንጂ ኤክስን እየተካ ባለው በዌይላንድ ላይ አይሠራም። በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች (ዓይነቶች) ሲነሡ ዌይላንድን ነው የሚከፍቱት፤ ትእዛዙን ስትሰጥ እውነተኛ ማውሶችህን ሳይሆን አንድ ምናባዊ ጠቋሚ ካሳየህ በዌይላንድ ውስጥ ነህ ማለት ነው። ከዌይላንድ ሳልወጣ ካልክ ስዌይ የሚባለው የመስኮት አስተዳዳሪ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ከአንድ በላይ መቀመጫ (የአንድ ተጠቃሚ ማውስና ኪቦርድ ስብስብ) እንድትፈጥርና እያንዳንዱን ማውስ ለየመቀመጫው እንድትመድብ ይፈቅዳል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚሠሩ ጨዋታዎችስ? ብዙ የሁለት ሰው ጨዋታዎች እዚያ አሉ፤ ምንም መጫን አያስፈልግም ነበር።

ጽጌ ኮድ

በማሰሻ አይሆንም። ማሰሻው ለድረ ገጹ የሚያቀብለው የማውስ መልእክት ሁለቱንም ማውሶች በአንድ መለያ ነው የሚጠራቸው፤ ገጹ ሊለያቸው የሚችልበት መንገድ የለውም። ጣትን ግን በየራሱ መለያ ያውቀዋል። ስለዚህ በንክኪ ስክሪን ላይ ሁለት ሰው መጫወት ይችላል፣ አንዱ በማውስ ሌላው በጣት መጫወትም ይችላል፤ ሁለት ማውስ ግን አንድ ነው።

ሁለት ጠቋሚ

የተባልኩትን አደረግሁ። ኒውክሊየስን ከራሱ የፕሮጀክት ገጽ አወረድኩ፤ ጨዋታችን በዝርዝሩ ውስጥ ማዘጋጃ ጽሑፍ (ጨዋታውን እንዴት ሁለት ጊዜ እንደሚከፍት ለኒውክሊየስ የሚነግር ፋይል) አለው። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ተከፈተ፤ ሁለቱም በኔትወርክ ተገናኙ። ድካሙ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን ማውሶቹን የመመደቢያው ገጽ ላይ የሚታየኝ አንድ የማውስ ምልክት ብቻ ነው። የእኔንም ሳንቀሳቅስ፣ የእሷንም ስታንቀሳቅስ ያው ምልክት ይበራል። ሁለቱም ገመድ አልባ ናቸው፤ የአንድ ኩባንያ ናቸው። እንዴት ነው የማለያያቸው?

የመስመር ሰው

ሁለቱም ማውሶች የተገናኙት በአንድ መቀበያ ነው? ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ትንሹ የዩኤስቢ መቀበያ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ሁለት ጠቋሚ

አንድ ነው። ከአንድ በላይ መሣሪያ ይቀበላል የሚል ስለነበር ሁለቱንም ከእሱ ጋር አጣመርኳቸው።

የመስመር ሰው

ችግሩ እሱ ነው። ለዊንዶውስ የሚታየው መሣሪያ ማውሱ ሳይሆን መቀበያው ነው። መቀበያው ከሁለት ማውሶች በሬዲዮ የሚመጣውን ተቀብሎ በአንድ የማውስ መስመር ሲልከው፣ ጽጌ ያለችው መለያ አንድ ብቻ ይሆናል። ሁለቱ የተቀላቀሉት ዊንዶውስ ከመድረሳቸው በፊት ስለሆነ ከላይ ያለ ምንም ፕሮግራም ሊለያቸው አይችልም። (ሊኑክስ ላይ ለአንዳንድ መቀበያዎች የተጻፈ ድራይቨር ከመቀበያው ጋር በቀጥታ ተነጋግሮ ይለያቸዋል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን አትቁጠርበት።)

ለእያንዳንዱ ማውስ የራሱን መቀበያ ስካ፤ ወይም አንዱን በብሉቱዝ አገናኘው፤ ወይም አንዱን በገመድ አድርገው። እኔ ገመዱን እመርጣለሁ። ሁለት ገመድ አልባ ከሆኑ መቀበያዎቹን ዩኤስቢ 3 መሰኪያ አጠገብ አትደርድራቸው፤ በተለይ እዚያው ጎን ላይ ውጫዊ ዲስክ ከተሰካ። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሬዲዮ ጩኸት ይፈጥራል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቶታል። ምልክቱ ማውሱ አንዳንዴ መዝለሉ ወይም መዘግየቱ ነው። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ተጠቅመህ መቀበያውን ወደ ጠረጴዛው አቅርበው፤ በቂ ነው።

የመሰኪያ እጥረት ካለ ተራ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ለሁለት ማውስና ለሁለት ኪቦርድ ይበቃል። አንድ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ተራ ማውስ ከ100 አያልፍም። ባለ ብዙ መብራት ኪቦርድ ካለህ ግን እሱን ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ስካው።

ሁለት ጠቋሚ

በገመድ የሚሠራ ማውስ ስሰካ ወዲያው ሁለተኛ ምልክት መጣ! የእሷን ማውስ ስታንቀሳቅስ የእሷ ይበራል፣ የእኔን ሳንቀሳቅስ የእኔ። እያንዳንዱን ምልክት ወደየስክሪኑ ክፍል ጎተትኩት፤ ኪቦርዶቹንም እንዲሁ። ሁለቱም ጠቋሚዎች በየራሳቸው መስኮት ውስጥ ሲሄዱ ስናይ ሁለታችንም ጮኽን።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የዊንዶውስ እውነተኛው ቀስት ከእኛ ሁለት ጠቋሚዎች በተጨማሪ ስክሪኑ ላይ ይንከራተታል፤ አንዳንዴ በድንገት ሌላ ቦታ ይጫንና ጨዋታውን ያሳንሰዋል። ሁለተኛ፣ የእሷ ጠቋሚ ከእኔ በጣም ይፈጥናል። የዊንዶውስን የማውስ ፍጥነት ብቀንስም ምንም አልተለወጠም።

ጽጌ ኮድ

ደስ ይበላችሁ! ለመጀመሪያው፦ ሁለቱም መስኮቶች ተከፍተው ካለቁ በኋላ ኪቦርድ ላይ ኤንድ የሚለውን ቁልፍ ተጫን። ያ ግቤቱን ይቆልፈዋል፤ እውነተኛው ቀስት ይወገዳል፣ ማውሶቹም ለጨዋታዎቹ ብቻ ይሠራሉ። መልሰህ ስትጫነው ይለቀቃል። ማዘጋጃው ሥራውን ሳይጨርስ ግን አትቆልፈው።

ለሁለተኛው፦ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የፍጥነት መንሸራተቻና የጠቋሚ ትክክለኛነት ማሻሻያ የሚነኩት የዊንዶውስን ጠቋሚ ብቻ ነው። ራው ኢንፑት ከእነዚያ በፊት ያለውን ጥሬ ቁጥር ነው የሚያነብበው። ስለዚህ ልዩነቱ ከማውሶቹ ነው፤ አንዱ በአንድ ኢንች 800፣ ሌላው 1600 ነጥብ የሚቆጥር ከሆነ ያው የእጅ እንቅስቃሴ እጥፍ ይሆናል። ማውሱ ላይ ከመንኮራኩሩ በስተኋላ ቁልፍ ካለው እሱ ነው የሚቀይረው፤ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው። የሚቀየር ካልሆነ በየጨዋታው መስኮት ውስጥ ያለውን የማውስ ፍጥነት ለየብቻ አስተካክሉ። ሁለቱ መስኮቶች ቅንብራቸውን በአንድ ፋይል የሚጋሩ ከሆነ ግን አንዱ የሌላውን ይሽረዋል፤ ያኔ ማውሱን ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀረው።

ገመዱን ነቅለህ ብትሰካ ዊንዶውስ ለማውሱ አዲስ መለያ ይሰጠዋል፤ ጨዋታው መሀል ላይ ከሆነ ማውሱ የሞተ ይመስላል። አትደንግጥ፤ እንደገና መመደብ ነው። የላፕቶፕ መዳሰሻም በዝርዝሩ ውስጥ እንደ አንድ ማውስ ሊመጣ ይችላል፤ ለማንም አትመድበው።

የመስመር ሰው

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ማንም ሰው ይህን አንብቦ እንዳይጎዳ። እነዚህ ፕሮግራሞች ወደ ጨዋታው ውስጥ ስለሚገቡ ማጭበርበርን የሚከላከል ሶፍትዌር ባለበት የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ በፍጹም አትጠቀሙባቸው። መከላከያው ለሁለት ሰው ጨዋታ ነው ወይስ ለማጭበርበር ነው ብሎ አይለይም፤ መለያችሁ ሊታገድ ይችላል። ጸረ ቫይረስም በዚሁ ምክንያት ሊያግዳቸው ይችላል። ለዚህም ነው ከራሱ ከፕሮጀክቱ ገጽ እንጂ ከሌላ ቦታ ማውረድ የማይገባው፤ ከየትም የመጣን ፋይል ጸረ ቫይረሱን አጥፍቶ መክፈት ማለት በሩን ለሌላ ሰው መክፈት ነው።

አዲስ ገቢ

እኔም ከጓደኛዬ ጋር ልሞክረው ነው። ኮምፒውተሩ ይችለው ይሆን? ስክሪኑንስ እንዴት ከፈላችሁት፣ ከላይና ከታች ወይስ ግራና ቀኝ?

ጽጌ ኮድ

ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ስለምትከፍት ማኅደረ ትውስታውንም ሁለት ጊዜ ይወስዳል። አንዱን ብቻ ከፍተህ ምን ያህል እንደሚይዝ በተግባር አስተዳዳሪው ውስጥ እይ፤ እጥፉን አስብ፤ ለዊንዶውስም ተወት አድርግ። የምስል ጥራቱን ዝቅ አድርገህ ጀምር። የክፈፍ ፍጥነቱን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) በሁለቱም መስኮቶች 60 ላይ ገድበው፤ ካልገደብከው አንዱ መስኮት የግራፊክስ ካርዱን ጠቅልሎ ይይዝና ሌላው ይቆራረጣል።

ሁለት ጠቋሚ

የጽጌ ምክር በሙሉ ሠርቶልናል፤ ኤንድ ከተጫንን በኋላ የሚንከራተተው ቀስት የለም፣ ማውሶቹንም 800 ላይ አስተካከልናቸው።

ስክሪኑን በተመለከተ፦ የእኛ ስክሪን 1920 በ1080 ነው። ግራና ቀኝ ስንከፍለው ለእያንዳንዳችን 960 በ1080 ይደርሰናል፤ ካርታው ጠበብ ቢልም ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ ያሳያል። ከላይና ከታች ስንከፍለው 1920 በ540 ይሆናል፤ በእኛ ጨዋታ የትእዛዝ ሰሌዳው ከታች ስለሚቀመጥ ግማሹን ይውጠዋል። ስለዚህ ግራና ቀኝ መረጥን። ከፊት ለፊት የሚያይ የተኩስ ጨዋታ ከሆነ ግን ከላይና ከታች የሚሻል ይመስለኛል፤ ጎን ለጎን ያለውን ማየት ስለሚያስፈልግ።

አንዳንድ ጨዋታዎች ከ1024 በታች ስፋት አይቀበሉም፤ ዝርዝሩ ከመስኮቱ ውጭ ይወጣባችኋል። ሁለተኛ ስክሪን ካላችሁ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሙሉ ስክሪን መስጠት ይቻላል፤ ኒውክሊየስ መስኮቶቹን በሁለቱ ላይ ያስቀምጣቸዋል። እኛም ሁለተኛ ስክሪን አግኝተን ልንሞክረው ነው። ጋሼ ዲስኬት፣ እስከዚያው ግን እህቴ ሁለተኛውን ሴትለርስ ካልጀመርን ብላለች፤ ዶስቦክስ ስቴጂንግ ላይ የመጀመሪያውን ካርታ ለሁለት ሰው የትኛውን ይመክሩናል?

ጋሼ ዲስኬት

ሰፊውንና ተራራ የሌለበትን ምረጡ ልጄ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በአንድ ወገን ሆናችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር ተጋጠሙ። ድንጋይና ሰሌዳ ሳይበቃችሁ ወታደር ቤት አታብዙ፤ አንዳችሁ በመንገዱ ላይ ባንዲራ በየቅርቡ ትከል፤ ተሸካሚዎቹ የሚቀባበሉት በባንዲራ መሀል ስለሆነ ሲቀራረብ ዕቃው ቶሎ ይደርሳል።